ፀሐይ ስትወጣ የልጆች እጅ ለምን ይሰበራል?

ወንድሜ እጁን የሰበረው በሜይ ወር፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ሙቀት በገባበት ቅዳሜ ነው። እኔ 12፣ እሱ 9 ዓመታችን ነበር። የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ከኖቬምበር ጀምሮ ቤት ውስጥ ታፍነን ከርመን ስለነበር፣ እናታችን በሩን ስትከፍትልን እንደ ጥጃ ነበር የቦረቅነው። መጫወቻ ሜዳው ላይ በእጅ እየተንጠለጠሉ የሚሻገሩበት የብረት መሰላል አለ። ወንድሜ መሀል ላይ ሲደርስ እጁ አዳለጠው፤ እጁን ዘርግቶ መሬት ላይ አረፈ።

አንጓው ወዲያው አበጠ። እናቴ አገላብጣ አየችውና «ወለም ብሎት ነው» አለች። ቅቤ አምጥታ አሸችው፤ እሱ ጮኸ፤ በአሮጌ ነጠላ አሰረችለትና «እስከ ሰኞ ይተወዋል» አለች። ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ ነርስ ደወለች። ሆስፒታል ሄደን ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ተሰብሯል።

ሐኪሙ ሲያስረዳ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። «ግሮውዝ ፕሌት» የሚል ነገር ተናገረ። እኔም ለእናቴ «የእድገት ሳህኑ ተሰብሯል» አልኳት። እናቴ ደንግጣ «የምን ሳህን? የማን ሳህን?» አለችኝ። አሁን በየበዓሉ የምንስቅበት ታሪክ ሆኗል። ያን ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ደግሞም ሐኪሙ ቀጥሎ የተናገረውን፣ «ለወራት እየመጣ ራጅ መነሳት አለበት» የሚለውን፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ስላልገባኝ ዝም ብዬ አለፍኩት። ቀጠሮው አመለጠን። ከሆስፒታሉ ደብዳቤ ሲመጣ ነው የተመለስነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጁ ቀጥ ብሎ አድጓል።

አሁን ሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ያኔ ለእናቴ መናገር ያቃተኝን ነገር ለእናንተ ላስረዳ። ታናናሽ ወንድሞችና እህቶች ላሏችሁ፣ ልጅ ለምትጠብቁ፣ አሁን ወላጅ ለሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በጋ ስል የትኛው በጋ?

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን የጤና ቀን ላይ ስለዚሁ ጉዳይ በአማርኛ ተናግሬ ነበር። «የልጆች ስብራት በበጋ ይበዛል» ብዬ ስጀምር አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ በጋ ስትዪ ጥርን ነው? እዚህ አገር በጥር ማን ልጅ ውጭ ያወጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ጥር በጋ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ናቸው። እዚህ ደግሞ አንዳንዶቻችን «ክረምት» የምንለው በረዶውን ነው፣ ሌሎቻችን ደግሞ ትምህርት የሚዘጋበትን ጁላይን። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ የወራቱን ስም በቀጥታ እጠራለሁ።

እንደ ሰሜን አሜሪካና ሰሜን አውሮፓ ባሉ፣ ብርድና ሙቀት በግልጽ በሚፈራረቁባቸው አገሮች የልጆች የአጥንት ስብራት የሚበዛው በግምት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ዝቅ የሚለው በብርዱ ወራት፣ በተለይ በዲሴምበርና በጃንዋሪ አካባቢ ነው። ከቀኑ ሰዓትም ከሰዓት በኋላውና አመሻሹ ይበዛበታል። በአረጋውያን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በረዶ ላይ አዳልጧቸው አንጓቸውን የሚሰበሩ እናቶችና አያቶች የሚበዙት በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ የአያትና የልጅ ልጅ አደገኛ ወራት የተለያዩ ናቸው ማለት ነው።

ስብራት በልጆች ላይ ብርቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። በስዊድን ማልሞ ከተማ ከ1950 እስከ 1979 የደረሱ 8,682 የልጆች ስብራቶች የተመረመሩበት የታወቀ ጥናት አለ። እዚያ በተገኘው ስሌት፣ ልጆች 16 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከመቶ ወንዶች 42ቱ፣ ከመቶ ሴቶች ደግሞ 27ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ስብራት ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ልጁ የተሰበረበት ወላጅ «እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ራሱን ከመውቀሱ በፊት ይህን ቁጥር ያስታውስ።

ሙቀቱ ነው ወይስ ጨዋታው?

ሙቀት አጥንት አይሰብርም። የሚሰብረው መውደቅ ነው፤ መውደቅ ደግሞ ከጨዋታ ሰዓት ጋር አብሮ ያድጋል።

ብርሃኑን ብቻ ውሰዱ። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን በጁን ፀሐይ ከ15 ሰዓት ተኩል በላይ ትቆያለች፤ በዲሴምበር 9 ሰዓት እንኳ አትሞላም። በዲሴምበር ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሊጨልም ምንም አይቀረውም። በጁን ግን ከእራት በኋላም ብስክሌት ይነዳል። በዚያ ላይ ትምህርት ይዘጋል። ለወራት መሰላል ያልነካ እጅ ደግሞ ጥንካሬው ቀንሶ ይወጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ሞቃት ቀናት ልጁ የሚችለውንና የማይችለውን እንደገና የሚለካባቸው ናቸው። የወንድሜ ቅዳሜም እንዲህ ያለች ነበረች።

«ምናልባት አየሩ ራሱ በአጥንት ላይ የሚያደርገው ነገር ቢኖርስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ የ2020 ዓ.ም. ወረርሽኝ ማንም ያላሰበውን ፈተና አዘጋጅቶልናል። ያ ዓመት ፀደይ እንደ ወትሮው መጣ፤ ፀሐይዋም ወጣች። ነገር ግን ትምህርት ቤቶች፣ መጫወቻ ሜዳዎችና የስፖርት ቡድኖች ተዘግተው ነበር። ፊላዴልፊያ የሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች ከማርች አጋማሽ እስከ አፕሪል አጋማሽ ያለውን ጊዜ ከቀደሙት ሁለት ዓመታት ተመሳሳይ ወቅት ጋር አነጻጸሩ። ቀድሞ በአማካይ በቀን 22 ገደማ የነበረው አዲስ ስብራት ወደ 10 ገደማ ወርዶ ተገኘ። ከተከሰቱትም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤት አካባቢ የደረሱ ነበሩ፤ ቀድሞ ቤት ውስጥ የሚደርሰው አንድ ሦስተኛው ያህል ነበር። ወቅቱ ሳይለወጥ ጨዋታው ሲለወጥ ስብራቱም አብሮ ተለወጠ።

አባቴ ይህን ስነግረው ሳቀ። እሱም በልጅነቱ ክንዱን የሰበረው ከዛፍ ወድቆ ነው፤ ወሩ ሐምሌ፣ ዝናቡ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። «ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ትምህርት ግን ተዘግቶ ነበር» አለኝ። እንግዲህ በዱባይ ወይም በሪያድ የምትኖሩ አንባቢዎቻችንም ወራቱን ከእኔ አትቅዱ። «እኛ ሰፈር ልጆች ውጭ የሚጫወቱት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የእናንተን አደገኛ ወራት ይነግራችኋል።

የቫይታሚን ዲ ነገርስ?

ይህን ጥያቄ ሳልጠየቅ የዋልኩበት ቀን የለም። ቫይታሚን ዲ ሰውነታችን ካልሲየምን ከምግብ እንዲወስድ ያግዛል። አብዛኛውን የሚሠራው ቆዳችን ነው፣ በፀሐይ ብርሃን። ቦስተን ከተማ ላይ የተሠራና በ1988 የወጣ ጥናት፣ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ የዚያ ከተማ ፀሐይ ቆዳ ቫይታሚኑን እንዲሠራ ለማድረግ እንደማትበቃ አሳይቷል። ሚኒሶታ ደግሞ ከቦስተንም ወደ ሰሜን ያለ ነው። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው ያንኑ መጠን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ያስፈልገዋል። አገር ቤት እናቶቻችን ሕፃን ፀሐይ የሚያሞቁት በከንቱ አልነበረም፤ ያ ልማድ እዚህ በጃንዋሪ በመስኮት በኩል አይሠራም፤ መስታወቱ የሚያስፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል።

ታዲያ ስብራቱ በጁን ለምን በዛ፣ ቫይታሚኑ የሚያንሰው በፌብሩዋሪ ከሆነ? የልጆች ስብራት በወቅት ከፍና ዝቅ የሚልበት ዋናው ምክንያት ጨዋታው ስለሆነ ነው። ይህ ማለት ግን ቫይታሚኑ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በጣም ካነሰ የልጁ አጥንት ይለሰልሳል፣ እግሩም ሊጣመም ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጡት ለሚጠቡ ሕፃናት ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት በጠብታ እንዲሰጣቸው፣ ዓመት የሞላቸው ልጆች ደግሞ በቀን 600 ዩኒት እንዲያገኙ ይመክራል። በምን መልክ እንደምትሰጡ የልጃችሁን ሐኪም ጠይቁ። በጾም ወቅት ወተት የሚተው ልጅ ካለም ይህንኑ ንገሯቸው።

የልጅ «ወለምታ» ለምን አይታመንም?

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ። በልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ስስ የልም አጥንት ንብርብር አለ። ቁመት የሚጨምረው እዚያ ነው። ዕድገት ሲያበቃ ንብርብሩ ወደ አጥንት ይለወጣል። እኔ «የእድገት ሳህን» ያልኩት ይህንን ነው፤ «የአጥንት ማደጊያ» ብንለው ይሻላል።

በትልቅ ሰው መገጣጠሚያው ሲጠመዘዝ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጅማቱ ነው፤ ወለምታ የምንለው። በልጅ ግን ጅማቱ ከማደጊያው ይልቅ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ያው ጉዳት ጅማቱን ሳይነካ ማደጊያውን ሊሰብር ይችላል። ከውጭ ሲታይ ወለምታ ይመስላል፤ ያብጣል፣ ያማል፣ ጣቶቹም ይንቀሳቀሳሉ። «ጣቱን ካንቀሳቀሰ አልተሰበረም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ማደጊያው ክፉኛ ከተጎዳ አጥንቱ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ሐኪሙ ተመላልሰን እንድንመጣ የፈለገው ለዚህ ነበር።

የልጅ አጥንት ከትልቅ ሰው አጥንት ይልቅ ስለሚተጣጠፍ፣ እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ በአንድ በኩል ብቻ ሊሰነጠቅ ወይም እንደ ተጫነ ካርቶን ሊጨማደድ ይችላል። ጥሩው ዜና ቶሎ መዳኑ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ጊዜ ልጁ በድንገት የሚመዘዝበት ዕድሜ ነው፤ ሴቶች 11 እና 12፣ ወንዶች 13 እና 14 ዓመት አካባቢ። ያኔ ቁመቱ ይቀድማል፣ የአጥንቱ ጥንካሬ ኋላ ይከተላል።

በየወቅቱ የት እንይ?

መፍትሔው ልጅን ቤት መዝጋት አይደለም። ሩጫና ዝላይ ራሳቸው አጥንትን ያጠነክራሉ። አደጋው የሚበዛባቸውን ጥቂት ቦታዎች ማወቅ ግን ይቻላል።

የብረት መሰላሉ፦ ልጁ ከታች ምን ላይ እንደሚወድቅ እዩ። ሣርና የተረገጠ አፈር ለስላሳ ቢመስሉም አይበቁም። ወፍራም የእንጨት ፍርፋሪ ወይም ለዚህ የተሠራ ጎማ ይሻላል፤ ይህም በመጫወቻው ዙሪያ ቢያንስ 1.8 ሜትር ሊዘረጋ ይገባል።

ሸርተቴ፦ ሕፃን ልጅን ጭን ላይ አስቀምጦ አብሮ መንሸራተት ጥንቃቄ ይመስለናል። ነገር ግን የሕፃኑ ጫማ ጠርዙ ላይ ሲያዝ የትልቁ ሰው ክብደት ወደ ታች ስለሚገፋው ቅልጥሙ ሊሰበር ይችላል። ብቻውን መውረድ ካልቻለ ለሸርተቴው ገና ነው።

ትራምፖሊን፦ ከጉዳቶቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ ልጅ በላይ አብረው ሲዘሉ ነው፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው ቤት ውስጥ ትራምፖሊን እንዳይኖር ይመክራል። የዘመድ ልደት ላይ ካጋጠማችሁ፣ ቢያንስ ተራ በተራ አንድ በአንድ ይዝለሉ።

መስኮት፦ ብዙዎቻችን የምንኖረው አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ሙቀት ሲገባ መስኮቱ ይከፈታል። የትንኝ መከላከያው ወንፊት ልጅ አይዝም። ኒውዮርክ ከተማ ሕፃናት ባሉባቸው አፓርትመንቶች የመስኮት መከላከያ ብረት እንዲገጠም በ1976 በሕግ ያስገደደችው ልጆች እየወደቁ ስላስቸገረ ነው። መስኮታችሁ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይከፈት የሚይዝ ነገር አስገጥሙ፤ ሶፋና አልጋም ከመስኮት ሥር አርቁ።

በረዶ፦ ብርዱ ወራትም ስብራት አለው። በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ልጁ ተቀምጦ እግሩን ወደ ፊት ያድርግ፤ በጭንቅላቱ ወደ ፊት አይውረድ። ሄልሜት ያድርግ፤ ዛፍና መንገድ የሌለበት ቁልቁለት ምረጡ።

ሲወድቅስ?

እናቴን አልወቅስም። ወጌሻ ያደገችበት ሰፈር ትልቅ ሰው ነበር፤ በቅርብ ሆስፒታልም ራጅም አልነበረም። ነገር ግን ሊሆን የሚችል ስብራትን ማሸትና መጎተት ሕመሙን ያብሳል፣ አጥንቱንም ሊያናጋው ይችላል። አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም እንዳይደርስ ያደርጋል። አገር ቤት ያሉ ሐኪሞች በጥብቅ እስራት ምክንያት እጅና እግር የሚቆረጥባቸውን ልጆች አሁንም ያያሉ።

ስለዚህ አትሹት፣ አታቃኑት። ባለበት ቅርጽ በካርቶን ወይም በተጠቀለለ መጽሔት ደግፉት። የእናቴ ነጠላም ሥራ አለው፤ ክንዱን ከአንገቱ ላይ ላላ አድርጎ ለማንጠልጠል ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ አውልቁ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርጉ። በማደንዘዣ መታከም ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪም እስኪያየው ምግብና መጠጥ አትስጡት። አጥንቱ ቆዳውን ከበሳ፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ፣ ጭኑ ከተጎዳ፣ ወይም ከከፍታ ወድቆ ጭንቅላቱ ከተመታ 911 ደውሉ። በተለይ ከክርን በላይ ያለው ስብራት የደም ሥሩን ሊነካ ስለሚችል እስከ ነገ አይቆይም።

ጀሶ ከታሰረለት በኋላ ጣቶቹን በየጊዜው እዩ፤ ቀለማቸውን፣ ሙቀታቸውን፣ መንቀሳቀሳቸውን፣ ሲነኩ መሰማታቸውን። መድኃኒት ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወዲያውኑ ተመለሱ። ቢያሳክከውም እርሳስ ወይም ማንኪያ ወደ ውስጥ አያስገባ።

የመጨረሻው ምክር የሆስፒታል ሳይሆን የራሴ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው፤ ውለታ መጠየቅ አይደለም። ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር የ12 ዓመት ልጅ ማስተርጎም የለባትም። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ እንደሠራችሁ አውቃለሁ። ያኔ ያልገባንን ቃል ዘለን ካለፍን ጥፋቱ የእኛ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ማደጊያው ስጨርስ ለጊዜው ዝም አለች። ከዚያ «ስለዚህ ሳህን አልነበረም» አለችና ሳቀች። ቀጥላም የወንድሜን ክንድ ይዛ ከሌላኛው ጋር አስተካክላ ለካች። ወንድሜ አሁን 17 ዓመቱ ነው፤ ከእሷ በጭንቅላት ይበልጣል። ክንዶቹ እኩል ናቸው።

ሰኞ ሙቀት ይገባል ተብሏል። ልጆቹን አውጧቸው፤ እናንተም አብራችሁ ውጡ። ሰላም ሁኑ።